ለ«ክሊነር»፣ ለ«ዳውንሎደር» እና ለመሳሰሉት ብር መክፈል ያዋጣል? ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ላፕቶፓችሁ መዘግየት ጀመረ እንበል። መፍትሔ ስትፈልጉ «ኮምፒውተርዎን በ1 ደቂቃ አዲስ ያድርጉ» የሚል ፕሮግራም አገኛችሁ። አወረዳችሁት፣ ስካን አደረጋችሁ። ወዲያው በቀይ ቀለም «1,248 ችግሮች ተገኝተዋል» ይላችኋል። «አስተካክል» የሚለውን ስትነኩ ደግሞ የካርድ ቁጥር ይጠይቃል፤ 30 ዶላር።

ትከፍላላችሁ?

ኮምፒውተር ላይ የምንጭናቸው ትንንሽ አጋዥ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው፤ ፋይል የሚያሽጉ፣ ከኢንተርኔት የሚያወርዱ፣ የሚያጸዱ፣ የጠፋ ፎቶ የሚመልሱ። አንዳንዶቹ እውነትም ሥራ ያቀልላሉ። አንዳንዶቹ ግን ዊንዶውስ ራሱ በነፃ የሚሠራውን ሥራ በቆንጆ ሽፋን መልሰው ይሸጡልናል። ጥቂቶቹ ደግሞ ጭራሽ ውሸት ናቸው። እንዴት እንለያቸው?

1. መጀመሪያ ዋጋውን ወደ ብር ቀይሩት

ከሐምሌ 2016 በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ያኔ 25 ዶላር የሚሸጥ ፕሮግራም 1,425 ብር ነው። የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ነገሩ ተቀየረ። ለሒሳብ እንዲመቸን ዶላሩን 130 ብር ብንይዘው፣ ያው ፕሮግራም 3,250 ብር ሆነ። ፕሮግራሙ ላይ ግን የተጨመረ ነገር የለም።

በዚያ ላይ አብዛኞቻችን ውጭ የሚሠራ ካርድ የለንም። ወይ ውጭ ያለ ዘመድ ይከፍልልናል፣ ወይ ኮሚሽን የሚወስድ አገናኝ እንፈልጋለን። ስለዚህ ሒሳቡን ስትሠሩ እሱንም ደምሩ። «25 ዶላር ምን አላት» የሚለው አባባል ደመወዙ በዶላር ለሆነ ሰው የተነገረ ነው።

ሌላው መታየት ያለበት ክፍያው የአንድ ጊዜ ነው ወይስ በየዓመቱ የሚለው ነው። ብዙ ፕሮግራሞች የመጀመሪያውን ዓመት በቅናሽ ይሰጡና በሁለተኛው ዓመት ሙሉ ዋጋውን ሳይጠይቁ ከካርዱ ይቆርጣሉ። ካርዱ የእህታችሁ ወይም የጓደኛችሁ ከሆነ ደግሞ ጣጣው የእናንተ ብቻ አይደለም።

2. የሚያስፈራራ ስካን አትመኑ

ይሄ በግምት የሚነገር አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ በሕግ የተያዘ ጉዳይ ነው። ኦፊስ ዴፖ የተባለው ትልቅ የቢሮ ዕቃ ሻጭ ድርጅት ለዓመታት የደንበኞችን ኮምፒውተር በነፃ «ጤና እንመርምር» ይል ነበር። ምርመራው ሲጀመር አራት ጥያቄዎች ይቀርባሉ፤ ኮምፒውተሩ ይዘገያል ወይ? የቫይረስ ማስጠንቀቂያ መጥቶ ያውቃል ወይ? በተደጋጋሚ ይዘጋል ወይ? ማስታወቂያ እየዘለለ ይመጣል ወይ? ከአራቱ ለአንዱ «አዎ» ካላችሁ፣ ስካኑ ምንም ባያገኝ እንኳ ውጤቱ «የቫይረስ ምልክት አለ» ብሎ ይወጣል። ከዚያ እስከ 300 ዶላር የሚደርስ የጥገና አገልግሎት ይሸጣሉ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የአገሪቱ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን ይዞ ኦፊስ ዴፖ 25 ሚሊዮን፣ ሶፍትዌሩን ያቀረበው ሰፖርት ዶት ኮም ደግሞ 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በ2024ም ሬስቶሮ እና ሪኢሜጅ የሚባሉ ሁለት የኮምፒውተር ማስተካከያ ሻጮች በተመሳሳይ ክስ 26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። በሽታውን የሚነግራችሁም መድኃኒቱን የሚሸጥላችሁም አንድ ሰው ከሆነ፣ ምርመራውን ሌላ ቦታ አረጋግጡ።

3. እቤት ያለውን ሳያዩ ገበያ መውጣት

ከመክፈላችሁ በፊት ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ፈትሹ። ዊንዶውስ 10 እና 11 የሚከተሉትን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሠራሉ፦

- ቫይረስ መከላከል (ዲፌንደር)
- አላስፈላጊ ፋይል ማጽዳት (ስቶሬጅ ሴንስ)
- ስክሪን ፎቶ ማንሳት (ስኒፒንግ ቱል)
- ማንኛውንም ጽሑፍ ወደ ፒዲኤፍ መቀየር (ፕሪንት ስትሉ ከፕሪንተሮቹ ዝርዝር ውስጥ ፒዲኤፉን መምረጥ ነው)
- ዚፕ ፋይል መክፈትና ማሸግ

ለነዚህ ሥራዎች ብር የሚጠይቅ ፕሮግራም ከዊንዶውሱ የሚበልጥበትን ነገር በግልጽ ማሳየት አለበት። ካላሳየ እለፉት።

4. አንድ በአንድ እንያቸው

ዊንራር፦ ዋጋው 30 ዶላር ገደማ ነው። የሙከራ ጊዜው 40 ቀን ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላም «እባክዎ ይግዙ» እያለ መሥራቱን ስለማያቆም ዓለም ላይ ቀልድ የሆነ ፕሮግራም ነው። በፈቃዱ መሠረት ግን ከ40 ቀን በኋላ መግዛት ግዴታ ነው። የምትፈልጉት የተላከላችሁን የራር ፋይል መክፈት ብቻ ከሆነ መክፈልም መለመንም አያስፈልግም። ሰቨን-ዚፕ ነፃ ነው፣ ይከፍተዋል። ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ዊንዶውስ 11 ራሱ ራር ይከፍታል። አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ ዊንራር ራሱን በራሱ አያድስም። በ2023 ሌቦች የተጠቀሙበት ከባድ ክፍተት ተገኝቶበት በ6.23 ቨርዥን ተዘግቷል። ከዚያ በፊት የተጫነ ካላችሁ ዛሬውኑ አጥፉት ወይም አዲሱን ጫኑ።

አይዲኤም፦ የዕድሜ ልክ ፈቃዱ 25 ዶላር አካባቢ ነው። እዚህ ጋ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። አይዲኤም የኢንተርኔታችሁን ፍጥነት አይጨምርም። መስመራችሁ 5 ሜጋቢት ከሆነ 20 አያደርገውም። የሚሠራው ፋይሉን ቆራርጦ በብዙ መስመር በአንዴ መሳብ ነው። ስለዚህ የሚጠቅመው የሚልከው ሰርቨር ለአንድ መስመር ገደብ ሲያደርግ፣ እንዲሁም ኔትወርክ እየተቆራረጠ ማውረዱ መሀል ላይ ሲቀር ካቆመበት ለመቀጠል ነው። ይህ ሁለተኛው ለእኛ አገር ቀላል ጥቅም አይደለም። ግን ፍሪ ዳውንሎድ ማናጀር የሚባለው በነፃ ይህንኑ ይሠራል። የ30 ቀን ሙከራ ስላለው አንድ ዓይነት ፋይል በብራውዘራችሁ፣ በነፃውና በአይዲኤም አውርዳችሁ ሰዓት ያዙ። ልዩነት ካላያችሁ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ክሊነሮች፦ በተለይ «ሬጂስትሪ አጸዳለሁ» የሚሉትን ተዉአቸው። ሬጂስትሪ ማለት ዊንዶውስ ሴቲንጎቹን የሚመዘግብበት መዝገብ ነው። በውስጡ የቀሩ አንድ ሺህ ትርፍ መስመሮች ኮምፒውተሩን አያዘገዩም፤ በስህተት አንድ አስፈላጊ መስመር ቢጠፋ ግን ዊንዶውሱ ላይነሳ ይችላል። ማይክሮሶፍት ራሱ እነዚህን ፕሮግራሞች እንደማይደግፍ በግልጽ ጽፏል። ታዋቂ መሆንም ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የሲክሊነር ትክክለኛው ማውረጃ ራሱ በሰርጎ ገቦች ተበክሎ 2.27 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ላይ ደርሶ ነበር። የምትጭኑት እያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ ተጨማሪ በር ነው።

ታዲያ የዘገየው ላፕቶፕ ምን ይሁን? ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና «ስታርታፕ» የሚለው ውስጥ አብረው የሚነሱትን የማትፈልጓቸውን አጥፉ። ዲስኩ ሞልቶ ከሆነ ቀንሱ። ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ ደግሞ ለክሊነር የምታወጡትን አጠራቅማችሁ ኤስኤስዲ አስገቡ። ልዩነቱን በዓይናችሁ የምታዩት እሱ ላይ ነው።

ድራይቨር አዳሽ፦ የዊንዶውስ አፕዴት እና የላፕቶፓችሁ አምራች ድረ ገጽ በነፃ ይሰጧችኋል። አትክፈሉ።

የጠፋ ፋይል መላሽ፦ ክፍያ ትርጉም ሊኖረው የሚችለው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የጠፋው የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የእናት ፎቶ ሊሆን ይችላል። ሰው በድንጋጤ የሚከፍለውም እዚሁ ነው። አንዳንዶቹ ለአንድ ወር ብቻ 70 ዶላር ገደማ ይጠይቃሉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ፋይሉ በጠፋበት ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ ምንም ነገር መጻፍ አቁሙ። መላሹን ፕሮግራምም እዚያው ላይ አትጫኑ፤ የጠፋውን ሊደርብበት ይችላል። መጀመሪያ ነፃዎቹን ሬኩቫን ወይም ፎቶሬክን ሞክሩ። ካልሆነ የሚከፈልበትን በነፃ ስካን አስደርጉና ፋይሉን ከፍቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ፎቶው ከታየ መክፈል ይቻላል፤ ስሙ ብቻ ከተዘረዘረ አትክፈሉ። ከኤስኤስዲ ላይ የተሰረዘ ፋይል ብዙ ጊዜ አይመለስም። ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካወጣ ደግሞ ምንም ሶፍትዌር አይረዳም፤ አጥፍታችሁ ወደ ባለሙያ ውሰዱት።

የአማርኛ መጻፊያ፦ ዊንዶውስ ውስጥ የአማርኛ ኪቦርድ አለ፤ ኪማን የሚባለውም ነፃ ነው። በክፍያ የምትገዙ ከሆነ በዩኒኮድ መጻፉን አረጋግጡ። የድሮዎቹ በራሳቸው ፎንት ብቻ ስለሚጽፉ፣ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፋችሁ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል።

ስልክ ላይስ? «ራም አጽዳ» የሚሉ አፖችም ያው ናቸው። አንድሮይድ ራሙን ራሱ ያስተዳድራል። አፑን በግድ ስትዘጉት መልሶ ሲነሳ ይበልጥ ባትሪ ይበላል። ቦታ ለማስለቀቅ የጎግል ፋይልስ ነፃ ነው።

5. «ክራኩ እያለ ለምን እከፍላለሁ?»

እውነቱን እንነጋገር። ኮምፒውተር ቤት ፎርማት ስታስደርጉ ግማሹ ፕሮግራም «ፉል ቨርዥን» ተብሎ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ክራክ ግን ነፃ አይደለም፤ ሒሳቡ በኋላ ነው የሚመጣው።

ክራኩን ስታወርዱ መጀመሪያ የሚሏችሁ ምንድነው? «አንቲቫይረሱን አጥፉ»። ቁልፉን ለማታውቁት ሰው ሰጥታችሁ «ግባ» እንደማለት ነው። «ስቶፕ» የሚባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በዋናነት የተሰራጨው በክራክ በኩል ነው። ፎቶውንም ሰነዱንም ሁሉ ይቆልፍና በ72 ሰዓት ውስጥ 490 ዶላር፣ ካለፈ 980 ዶላር ይጠይቅ ነበር። 25 ዶላር ለማዳን 490! ብትከፍሉም ፋይሉ ለመመለሱ ዋስትና የለም።

ብዙዎቹ ሥራዎች ነፃ እና ሕጋዊ አማራጭ እያላቸው ክራክ መጫን ትርፍ የሌለው ቁማር ነው። መክፈል ካልቻላችሁ ነፃውን ተጠቀሙ፤ ክራኩን አይደለም።

6. ታዲያ መቼ ነው የሚያዋጣው?

ቀላል ሒሳብ አለ። 3,250 ብር የሆነ ፕሮግራም በሥራ ቀን 10 ደቂቃ ቢያድንላችሁ፣ በዓመት 250 የሥራ ቀን ብለን 2,500 ደቂቃ ነው፤ ወደ 42 ሰዓት። አንዱን ሰዓት በ78 ብር ገደማ ገዛችሁት ማለት ነው። በፍሪላንስ ዲዛይን ወይም ቪዲዮ ኤዲቲንግ ለሚሠራ ሰው ይሄ ርካሽ ነው። በዓመት ሁለቴ ብቻ ከተጠቀማችሁበት ግን አንዱ ጊዜ 1,625 ብር ወጣበት። ያው ፕሮግራም፣ ያው ዋጋ፤ ለአንዱ ያዋጣል፣ ለሌላው ኪሳራ ነው። «ጥሩ ፕሮግራም ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው፤ «ለእኔ ስንት ጊዜ ይሠራል?» የሚለው ይጨመርበት።

በየቀኑ የምትጠቀሙበት፣ ሠሪው የሚያድሰው፣ እናንተን ሳያስፈራራ በሥራው የሚያሳምን ከሆነ ክፈሉ፤ ይገባዋል። ነፃ የሆነውንም አቅም ሲኖራችሁ መደገፍ ጥሩ ነው። ከኋላው ማታ ማታ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው አለ፤ ነገ ያ ሰው ከእናንተ አንዱ ሊሆን ይችላል።

ባጭሩ፣ ካርድ ከመንካታችሁ በፊት፦

👉 ዊንዶውሱ ወይም ስልኩ ራሱ ይሠራዋል?
👉 ነፃ እና ሕጋዊ አማራጭ አለ?
👉 የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው ወይስ በየዓመቱ?
👉 በሙከራ ጊዜው ልዩነቱን በራሴ ሰዓት ለክቼ አየሁ?
👉 በወር ስንት ጊዜ እጠቀምበታለሁ?
👉 ከሠሪው ድረ ገጽ ነው የማወርደው ወይስ ከቴሌግራም ቻናል?

ከስድስቱ ሁለቱን መመለስ ካቃታችሁ ለዛሬ አትክፈሉ፤ ፕሮግራሙ ነገም አይጠፋም። «ቅናሹ በ10 ደቂቃ ያልቃል» የሚለው ሰዓት ገጹን እንደገና ስትከፍቱት ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ እስቲ ሞክሩት።

ላፕቶፑን ፎርማት ሊያስደርግ ላሰበ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት። ከፍላችሁ የተጠቀማችሁበት ወይም ያቃጠላችሁ ፕሮግራም ካለም ኮሜንት ላይ ጻፉልን።