ኃምሳ ሎሚና የ10,000 ሜትር ሩጫ

እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ወንዶች ፍጻሜ ሞ ፋራህ አንደኛ፣ ጌለን ራፕ ሁለተኛ፣ ታሪኩ በቀለ ሦስተኛ፣ ቀነኒሳ በቀለ አራተኛ ሆነው ገቡ። ያን ምሽት ብዙዎቻችን ወርቁ ስላመለጠን አዘንን። ውጤቱን ደግሞ ላየው ግን ሌላ ነገርም ይነግራል። ፋራህና ራፕ በአንድ አሠልጣኝ ሥር አብረው የሚለማመዱ ጓደኛሞች ነበሩ፤ ታሪኩና ቀነኒሳ ደግሞ ወንድማማቾች ናቸው። አራቱም በልምምድ ሜዳ አጠገባቸው ሰው ነበራቸው።

የፋራህ ታሪክ የሚጀምረው ከጎረቤታችን ከሶማሌላንድ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ በእርስ በርስ ጦርነት ተገደለ። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው በሌላ ልጅ ስም በጅቡቲ በኩል ወደ ብሪታንያ ተወሰደ፤ እዚያም በሰው ቤት ሥራ እየሠራና ልጆች እየጠበቀ አደገ። ይህን በአደባባይ የተናገረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ከዚህ ኑሮ ተነሥቶ አራት የኦሊምፒክ ወርቅ እንዴት አገኘ? ተሰጥኦውና ትጋቱ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ተሰጥኦን ዓመታት የሚያሻግረው በዙሪያው ያለ ሰው ነው።

አሜሪካዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር ጄምስ ሃውስ እ.ኤ.አ. በ1981 ሰው ለሰው የሚሰጠውን ድጋፍ በአራት ከፍሎ አቅርቧል፤ የሚያጽናና፣ በተግባር የሚያግዝ፣ የሚያውቀውን የሚያካፍል፣ አይቶ እውነቱን የሚናገር። በፋራህ ሕይወት አራቱም ይታያሉ፤ የመጡት ግን ከተለያየ ሰው ነው። ፋራህ ምስጢሩን ያዋየው የስፖርት መምህሩ አለን ዋትኪንሰን ጉዳዩን ለሚመለከታቸው አሳውቆ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ዜግነት እስኪያገኝ ድረስ አብሮት ደከመ። ሌላ የሶማሊ ቤተሰብ ቤቱን ከፍቶ ተቀበለው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከኬንያውያን ሯጮች ጋር በአንድ ቤት መኖር ሲጀምር ደግሞ እንዴት እንደሚበሉ፣ መቼ እንደሚተኙ፣ ከልምምድ በኋላ እንዴት እንደሚያርፉ በዓይኑ አየ። በቀጣዩ ዓመት በአውሮፓ ሻምፒዮና የ5,000 ሜትር ብር አገኘ። ብርታቱንና ድካሙን በየቀኑ የሚያሳየው የልምምድ ጓደኛም በኋላ መጣለት። ኃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይህ ነው።

አብሮ መሆን በሰውነታችን ላይ ምን ያደርጋል? የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ለዚህ ጥያቄ አሥራ ሁለት የዩኒቨርሲቲው ቀዛፊዎችን በመቅዘፊያ ማሽን ላይ ለ45 ደቂቃ አሠሯቸው፤ አንዳንድ ቀን ለየብቻ፣ አንዳንድ ቀን በቡድን። ከሥራው በፊትና በኋላ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ጠቅልለው እያጠበቁ «በቃ፣ አመመኝ» እስኪሉ ጠበቁ። ቀዛፊዎቹ ያወጡት ጉልበት በሁለቱም ቀን ተመሳሳይ ነበር። በቡድን በሠሩበት ቀን ግን ሕመም የመቻል አቅማቸው ይበልጥ ጨመረ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ከኢንዶርፊን ጋር አያይዘውታል፤ ይህ አንጎላችን የሚያመነጨው ሕመም አስታጋሽ ንጥረ ነገር ነው። እንጦጦ ላይ በሰልፍ ተከታትለው የሚሮጡ ወጣቶች ዳገቱ የሚቀልላቸው በወሬ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ጀርመናዊው ኦቶ ኮለር ደግሞ በ1920ዎቹ በበርሊን ቀዛፊዎች ላይ ሌላ ነገር አይቷል። ሁለት ሰዎች አንድ ክብደት አብረው ሲያነሡ፣ የአንዱ መድከም ሙከራውን የሚያቋርጥ ከሆነ፣ ደካማው ብቻውን ከሚችለው በላይ ይጸናል። ውጤቱ የሚጎላው የሁለቱ አቅም ልዩነት መጠነኛ ሲሆን ነው። ስለዚህ ለእግር ጉዞ ጓደኛ ሲመርጡ ከእርስዎ በመጠኑ የሚበረታውን ይምረጡ።

ለጤና ብለው ክብደት የሚቀንሱ ሰዎችም በጓደኛ ይጸናሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ ብቻቸውን ገብተው የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ውስጥ የቀነሱትን ክብደት እስከ አሥረኛው ወር ጠብቀው የቆዩት 24 በመቶ ነበሩ። ከጓደኞቻቸው ጋር ገብተው እርስ በርስ የመደጋገፍ ሥልጠናም ከወሰዱት ግን 66 በመቶ ጠብቀውታል።

በዙሪያችን ያለ ሰው መጥፎውንም ያስተላልፋልና አመራረጡ ጥንቃቄ ይሻል። ፋራህንና ራፕን ያሠለጥን የነበረው አልቤርቶ ሳላዛር እ.ኤ.አ. በ2019 የአበረታች መድኃኒት ሕግ በመጣስ ለአራት ዓመት ታግዷል። ውጤት የሚያመጣ ሁሉ ጤናችንን አደራ የሚባል ላይሆን ይችላል።

ታዲያ ሯጭ ያልሆነ ሰው፣ ስኳሩን ወይም ደም ግፊቱን ለዓመታት መቆጣጠር ያለበት ሰው፣ ከየት ይጀምር? የሶማሌላንዷ ሐርጌሳ መልስ አላት። እ.ኤ.አ. በ1988 በድብደባ ፈርሳ እንደገና የተሠራችው ይህች ከተማ የቆመችው ውጭ ያሉ ልጆቿ በሚልኩት ገንዘብና በነዋሪዋ መረዳዳት ነው። ሴቶቿ እኛ እቁብ የምንለውን ሀግባድ ይሉታል፤ እያንዳንዷ ታዋጣለች፣ በተራ ይወስዳሉ። እቁብን የሚያጸናው ቀኑ መታወቁ፣ የቀረ ሰው መፈለጉ፣ ችግር የገጠመው ሰው ተራ ሲለቀቅለት ማየታችን ነው። ጤናም በዚሁ ሥርዓት ይያዛል። በሳምንት ሦስት ጠዋት አብረው የሚራመዱ አራት ጎረቤታሞች ይበቃሉ። የቀረውን የሚደውልለት ማን ነው? የሐኪም ቀጠሮ የሚያስታውሰው? ግፊቱ ሲጨምር ሳያባብል የሚናገረው? ይህ አስቀድሞ ይከፋፈል። አንዱ የታመመ ዕለት ደግሞ ሌሎቹ እቤቱ ሄደው እስከ በራፍም ቢሆን አብረውት ይውጡ።

ዋትኪንሰን የተማሪውን ወረቀት ሲያስጨርስ ኦሊምፒክ ገና ሩቅ ነበር። ፋራህ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲያገባ ይኸው መምህር ሚዜው ሆኖ አጠገቡ ቆመ። የለንደኑ ወርቅ የመጣው ከዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።