የፕኖም ፔን ውሃ፦ ድሃው ለምን ከሀብታሙ በላይ ይከፍል ነበር?

በጤፍም ሆነ በስኳር ገበያ በጅምላ የሚገዛ ሰው ከቸርቻሪው ደንበኛ ይልቅ ቅናሽ እንደሚያገኝ የታወቀ ነው። በከተማ የውሃ ገበያ ግን ልዩነቱ ከቅናሽ አልፎ ይሄዳል። በግቢው ቧንቧ ያስገባ ሰው አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ማለትም ሃምሳ ጀሪካን በሚገዛበት ገንዘብ፣ ቧንቧ የሌለው ጎረቤቱ የሚያገኘው ጥቂት ጀሪካን ነው። የቦኖ ወረፋና የቦቴ ውሃ ዋጋ ለሚያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ይህ አዲስ ነገር አይሆንም።

ታዲያ ድሃው ርካሹን ውሃ ትቶ ውዱን የሚገዛው ለምንድን ነው? የመጀመሪያው ምክንያት የመስመር ማስገቢያው ክፍያ በአንድ ጊዜ የሚጠየቅ መሆኑ ነው። የዕለት ገቢ ያለው ሰው በየቀኑ ጥቂት መክፈል ይችላል፤ የወራት ገቢውን አንድ ላይ ማውጣት ግን አይችልም። ሁለተኛው እምነት ማጣት ነው። ቆጣሪው ያለ አግባብ ይቆጥርብኛል፣ ገንዘቤን ከፍዬ ውሃው አይመጣም፣ ሠራተኛው ጉቦ ይጠይቀኛል ብሎ ይፈራል። ብዙ ጊዜ ፍርሃቱ መሠረት አለው። ይህን ሁለተኛውን ችግር ቧንቧ በመቅበር ብቻ መፍታት አይቻልም፤ ከሕዝቡ ጋር መነጋገርን ይጠይቃል። ንግግሩም የሚታመነው ተናጋሪው የሚናገረውን ሲያደርግ ከታየ ነው።

ይህን ቋጠሮ በመፍታት ከታዳጊ አገር ከተሞች ብዙ ጊዜ ስሟ የሚነሣው የካምቦዲያ ዋና ከተማ ፕኖም ፔን ናት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ክመር ሩዥ በ1975 ከተማዋን ሲይዝ ነዋሪውን በሙሉ ወደ ገጠር አባረረ። አገዛዙ በ1979 ሲወድቅ የተመለሰው ሕዝብ ያገኘው ያረጀ ቧንቧና ባለሙያዎቹን ያጣ የውሃ ድርጅት ነበር። በ1993 ድርጅቱ ከሚያመርተው ውሃ 72 በመቶው ሒሳብ የማይጠየቅበት ሆኖ ተገኘ። ከፊሉ በተቀደደ ቧንቧ ይፈስሳል፣ ከፊሉ በሕገወጥ ቅጥያ ይወሰዳል፣ ከፊሉ ደግሞ በድርጅቱ መዝገብ ላይ በሌሉ ደንበኞች ቤት ይቀራል። ቢል ከሚላክበት ውሃም ገንዘቡ የሚሰበሰበው የ48 በመቶው ብቻ ነበር። በነጋዴ ስሌት ቢታይ፣ መቶ በርሜል ተመርቶ ዋጋው ካዝና የሚገባው የ13ቱ ብቻ ነው ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ኪሳራ የሚሠራ ሱቅ ወር አይሞላውም።

ውሃው በቀን 10 ሰዓት ያህል ብቻ ይመጣል፤ ቧንቧ የሚደርሰውም ለነዋሪው ሩብ ያህል ነበር። በብዙ ሰፈሮች በድርጅቱና በተጠቃሚው መካከል የሰፈር አከፋፋይ ገብቷል። አከፋፋዩ መስመር ይዞ ለጎረቤቶቹ እያባዛ ይሸጣል፤ ከዚያ የማይደርሰው ደግሞ ከሻጭ በዕቃ ይገዛል። ውሃው በእያንዳንዱ እጅ ባለፈ ቁጥር ዋጋ ይጨምራል። ደላላ አንባቢዎች ቅር ባይላቸው፣ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ መካከለኛው ሰው የጨመረው አገልግሎት ከተቀበለው ትርፍ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም።

በ1993 ድርጅቱን እንዲመሩ የተሾሙት ሚስተር ኤክ ሶን ቻን፣ ክመር ሩዥን በሕይወት ያለፉ መሐንዲስ ናቸው። ሥራቸውን የጀመሩት በድሃው ሰፈር ሳይሆን በባለሥልጣኑ ግቢ መሆኑ ለጉዳዩ ቁልፍ ነው። ከፍተኛ ሹማምንትና መሥሪያ ቤቶች ውሃ እየተጠቀሙ የማይከፍሉ ከሆነ፣ ድሃውን «ክፈል» ማለት ከንቱ ልፋት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው እንደተናገሩት፣ የአንድ ጄኔራል ቤት ሄደው ሳለ ሽጉጥ ተደግኖባቸዋል፤ ተመልሰው ከታጠቁ ሰዎች ጋር በመምጣት መስመሩን ቆርጠዋል። እንዲህ ያለ ወሬ በአንድ ቀን ከተማ ያዳርሳል፤ ድርጅቱ በጋዜጣ ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ቢያወጣ ይህን ያህል ባልተሰማለትም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ቆጠራ ነው። ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን መስመር እንዳለው፣ ማን እንደሚከፍልና ማን ከመዝገብ ውጭ እንደሆነ ጻፉ። በሁሉም መስመር ላይ ቆጣሪ እንዲገባ ተደረገ። ሕገወጥ ቅጥያ የተገኘበት ከፍ ያለ ቅጣት ይከፍላል፤ የጠቆመው ሰው ሽልማት ያገኛል፤ በነገሩ እጁ ያለበት የድርጅቱ ሠራተኛም ይቀጣል። ይህ አሠራር ጎረቤትን በጎረቤት ላይ የሚያስነሣ ነው የሚል ትችት ሊቀርብበት ይችላል፤ ተገቢ ትችት ነው። ይሁን እንጂ ሕዝቡ በመጀመሪያ ያየው፣ ከውስጥ የሚሰርቀውም ሠራተኛ የሚጠየቅ መሆኑን ነው።

በታኅሣሥ 1996 ድርጅቱ ራሱን የቻለ የመንግሥት የልማት ድርጅት ሆነ። በ1997 ታሪፉን ከፍ አደረገ፤ በ2001 ደግሞ እንደገና ጨመረ። የዋጋ ጭማሪ በየትኛውም ከተማ ቁጣ የሚቀሰቅስ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ የድርጅቱ መከራከሪያ ለማንም የሚገባ ነበር፦ የሚነጻጸረው አዲሱ ታሪፍ ከአሮጌው ታሪፍ ጋር ሳይሆን፣ አዲሱ ታሪፍ ከሻጩ ዋጋ ጋር ነው።

ስሌቱን እንየው። በ2001ዱ ታሪፍ አንድ ቤተሰብ በወር ለሚጠቀምበት የመጀመሪያው 7 ሜትር ኩብ የሚከፍለው በሜትር ኩብ 550 ሪየል ነው። ከዚያ በላይ ወደ 770፣ ወደ 1,010፣ በመጨረሻም ወደ 1,270 ሪየል ይወጣል። 7 ሜትር ኩብ 350 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል። የወሩ ሒሳብ 3,850 ሪየል፣ የአንዱ ጀሪካን ዋጋ ደግሞ 11 ሪየል ማለት ነው። አንድ የአሜሪካ ዶላር በ4,000 ሪየል ገደማ ይመነዘር ስለነበረ፣ የወሩ ውሃ አንድ ዶላር አይሞላም። ከሻጭ የሚገዛ ቤተሰብ ይህን ገንዘብ የሚጨርሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ነበር።

የቀረው የማስገቢያው ክፍያ ነው። ድርጅቱ ለድሃ ቤተሰቦች እንደ አቅማቸው የክፍያውን 30፣ 50፣ 70 ወይም መቶ በመቶ በድጎማ ይችል ጀመር፤ የተረፈውንም በየወሩ ከቢሉ ጋር ከፍለው እንዲጨርሱ ፈቀደ። የድሃውን ቤት ማን ይለየው የሚለው ጥያቄ በቢሮ ወረቀት ብቻ አልተወሰነም፤ ቤቱ ድረስ ተሄዶ፣ የሰፈሩ ሰዎች ተጠይቀው ነበር። ሰፈሩ ውስጥ አንዱ ቤት መስመር ካስገባና የመጀመሪያው ቢል በሰላም ከመጣ፣ ለጎረቤቱ የሚያስረዳው የድርጅቱ ሠራተኛ ሳይሆን ያቺ ደረሰኝ የያዘች የቤት እመቤት ናት። በዚህ መንገድ ከ10 ሺህ የሚበልጡ ድሃ ቤተሰቦች መስመር አግኝተዋል።

ከአሥራ አምስት ዓመት ያህል በኋላ ሥዕሉ ተለውጧል። የባከነው ውሃ ወደ 6 በመቶ ወረደ፤ የቢል አሰባሰቡ 99.9 በመቶ ደረሰ፤ ውሃው 24 ሰዓት ይመጣል። ከመቶው በርሜል በዚያን ጊዜ 94ቱ ያህል ይከፈልበት ነበር። የእስያ ልማት ባንክ፣ ፈረንሳይና ጃፓን ለቧንቧውና ለማጣሪያው ገንዘብና ሙያ አቅርበዋል፤ የጃፓኗ ከተማ ኪታክዩሹ ባለሙያዎችን ልካለች። ሚስተር ኤክ ሶን ቻን በ2006 የራሞን ማግሳይሳይን ሽልማት፣ ድርጅቱም በ2010 የስቶክሆልምን የኢንዱስትሪ የውሃ ሽልማት ተቀብለዋል።

ሁሉም ግን አልደረሰውም። ሳምቦክ ቻፕ በተባለው የከተማው መሀል ሰፈር የነበሩ ድሆች በሰኔ 2006 ተነሥተው ከከተማ ውጭ ወዳለው አንዶንግ ሲወሰዱ፣ የቧንቧ ውሃ አልጠበቃቸውም። ቧንቧ ቋሚ ነው፤ ድሃ ግን በትእዛዝ ይነሣል። የውሃ ድርጅቱ ይህን የሚፈታበት ሥልጣን አልነበረውም።

ለባለ ገንዘቦች የሚጠቅመው ክፍል የመጣው በ2012 ነው። የካምቦዲያ አክሲዮን ገበያ በሐምሌ 2011 ቢመረቅም ለዘጠኝ ወራት አንድም ኩባንያ አልተመዘገበበትም ነበር። ሚያዝያ 18 ቀን 2012 የመጀመሪያው ሆኖ የገባው ይኸው የውሃ ድርጅት ነው፤ 15 በመቶ ድርሻው ለሕዝብ ተሸጠ። የመነሻ ዋጋው 6,300 ሪየል ሲሆን፣ በመጀመሪያው ቀን 9,300 ሪየል ላይ ተዘጋ። በጥር 2025 ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ዓይኑን የጣለ አንባቢ ይህን የ48 በመቶ የአንድ ቀን ጭማሪ በጥሞና ቢመለከተው ይበጃል። ገዢው የሮጠው ዝናውን እያየ ነበር፤ ገቢውን የሚወስነው ግን ታሪፉ ነው። አክሲዮኑ በተሸጠበት ዕለት ድርጅቱ ውሃ ይሸጥ የነበረው ከ11 ዓመት በፊት በወጣው ታሪፍ ነበር። ለጀሪካን 11 ሪየል የሚከፍለውን ቤተሰብ ደንበኛ ያደረገው ያው ዋጋ የባለ አክሲዮኑን ትርፍ ገድቦ ያዘው፤ በተከታዮቹ ዓመታትም አክሲዮኑ ከ6,300 ሪየል በታች ወርዶ ተገበያየ።