መቼ በሉ? መቼ ጀመረዎ?

የሠርግ ወጥ ብዙ ጊዜ ከዋዜማው ይሠራል። ነቀምቴ ዙሪያ ባለው ጉቶ ጊዳ ወረዳ ውስጥ እንግዳው ብዙ ከሆነ ድስቱም ትልቅ ነው፤ ከምድጃ ወርዶ ተከድኖ ያድራል፣ ጠዋት ለብ ተደርጎ ይቀርባል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የትልቅ ድስት መሐሉ እስኪቀዘቅዝ ሰዓታት ይፈጃል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለው ባክቴሪያ እሳቱን ተቋቁሞ ይተርፍና በዚያ ለብታ ይራባል። የበላው ሰው ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ትኩሳት ግን እምብዛም የለውም።

በበሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማስመለስ ከበረታ ደግሞ የሚጠረጠረው ስታፊሎኮከስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአብሳዩ እጅ ወደ ምግቡ ይገባና መርዙን ይተዋል። ሳልሞኔላ ከ6 ሰዓት እስከ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ከትኩሳት ጋር ይመጣል። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ሺጌላን ያስጠረጥራል። የሩዝ ውኃ የመሰለ፣ የማያቋርጥ ተቅማጥ የኮሌራ ምልክት ነው። ለዚህ ነው ሐኪሙ ከሁሉ በፊት ሰዓቱን የሚጠይቀው።

እኛ ግን መልሱን ይዘን እንሄዳለን፤ «አሜባ ነው» ብለን ሜትሮኒዳዞል እንገዛለን። ይህ ልማድ በጣም ያሳስበኛል። በማይክሮስኮፕ የሚታይ የሰገራ ምርመራ አሜባንና ጃርዲያን ሊያሳይ ይችላል፤ ሳልሞኔላን ከሌላ ባክቴሪያ ግን አይለይም። ያን የሚለየው ካልቸር ነው፤ ሰገራው ላይ ያለው ባክቴሪያ በላቦራቶሪ እንዲያድግ ሁለት ሦስት ቀን ይጠበቃል። ባክቴሪያውን የሚገድል መድኃኒት አስቀድሞ የዋጠ ሰው በሰጠው ናሙና ላይ ባክቴሪያው ሳያድግ ሊቀር ይችላል። ነቀምቴ የሕብረተሰብ ጤና ምርምርና ሪፈራል ላቦራቶሪ አላት፤ ናሙናው በጊዜና በአግባቡ ካልተወሰደ ግን ላቦራቶሪው ብቻውን ምን ያደርጋል?

ከአንድ ድግስ የወጡ ብዙ ሰዎች ከታመሙ ጉዳዩ የአንድ ሰው ሆድ መሆኑ ይቀራል። የጤና ባለሙያዎች የታመመውንም ያልታመመውንም ይመዘግባሉ፤ ማን ምን እንደበላ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደጀመረው ይጽፋሉ። ለምሳሌ ጥሬ ሥጋ ከበሉ 40 ሰዎች 30ው፣ ካልበሉ 40 ደግሞ 4ቱ ብቻ ከታመሙ፣ ጥርጣሬው ወደ ሥጋው ያደላል። ሁሉም ከአንድ ምንጭ ከጠጡ ግን ውኃው ይመረመራል። ያልታመመው እንግዳ «እኔ ምን አገባኝ» ብሎ ከቀረ ይህ ማነጻጸሪያ ይጎድላል።

ሕመሙ ከአንድ ድግስም አልፎ ሊዛመት ይችላል፤ አዲስ አበባ በ2008 ዓ.ም. በአተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) መታመሷ የብዙዎቻችን ትዝታ ነው። ነሐሴ 2014 ደግሞ በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ ኮሌራ ተነሥቶ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛመተ። በኮሌራ የተጠረጠረ አንድ ሰው እንኳ ቢሆን ወዲያው ሪፖርት መደረግ አለበት። ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መንገር ወይም በነጻ መስመር 8335 መደወል ይቻላል።

የላቦራቶሪው ውጤት እስኪመጣ ሕይወት የሚያተርፈው ፈሳሽ ነው። አንዱን የኦአርኤስ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጡ፤ ከ24 ሰዓት በላይ አታቆዩት። ሕፃኑ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ካስቀመጠው ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ከድግሱ የተረፈውንም ምግብ አትድፉት፤ ማንም እንዳይቀምሰው ከድናችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አቆዩት። ባለሙያዎቹ ሲመጡ እሱንም ይጠይቋችኋል።