«ሰላም» ብለን ስንጽፍ ቁጥር የሚወጣው ለምንድን ነው?

ሃስኬል የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ከጀመራችሁ ይህ ነገር ሳይገጥማችሁ አይቀርም። ፕሪንት ለሚባለው ትእዛዝ «ሰላም» የሚለውን ቃል ትሰጡታላችሁ። ስክሪኑ ላይ ግን 4656፣ 4619፣ 4637 የሚሉ ቁጥሮች ብቅ ይላሉ። እንዴ! ፊደላችን የት ገባ?

የትም አልሄደም። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ዩኒኮድ የዓለምን ፊደላት መለያ ቁጥር የሚሰጥ ስርዓት ሲሆን፣ የእኛ ፊደል የገባበት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የ«ሰ» ቁጥር 4656 ነው። ፕሪንት ደግሞ ጽሑፉን ለፕሮግራመር በሚመች መልክ ስለሚያወጣ፣ ከመደበኛዎቹ የእንግሊዝኛ ምልክቶች ውጪ ያለውን ሁሉ በቁጥሩ ይተካዋል። ፊደሉን እንዳለ ማየት ከፈለጋችሁ ፑት-ስትሪንግ-ላይን የሚለውን ተጠቀሙ፤ በቃ።

ሃስኬል ውስጥ ተራ ጽሑፍ ማለት የፊደላት ዝርዝር ነው። ስለዚህ የ«ሰላም»ን ርዝመት ብትጠይቁት 3 ይላችኋል፤ ገልብጠው ብትሉት «ምላሰ» ይሰጣችኋል። ፋይል ላይ ሲቀመጥ ግን በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ስለሚይዝ ቃሉ 9 ባይት ይሆናል። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ፕሮግራመር «ስም ከ20 ባይት አይብለጥ» ብሎ ቢወስን፣ የአማርኛ ስም ከስድስተኛው ፊደል በኋላ ይቆረጣል፤ ሰባተኛው ደግሞ ግማሽ ጎኑ ቀርቶ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ልኩን በባይት ሳይሆን በፊደል ቁጠሩ።

አሁን ደግሞ ስም ተጽፎበት የፊደሉን ብዛት የሚናገር መስኮት እንሥራ። ለዚህ ኤልም የሚባለው የሃስኬል ዘመድ ይመቻል፤ ድረ ገጽ ላይ ለሚሠሩ መስኮቶች የተዘጋጀ ነውና። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ጋ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ በፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ አንዴ የተሰጠ ዋጋ አይለወጥም ከተባለ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጽሑፍ እንዴት ይለወጣል?

የእድር ገንዘብ ያዥን አስቡ። የትናንቱን ቀሪ ሒሳብ አይፍቅም፤ ስርዝ ድልዝ ያለበት መዝገብ ማን ያምናል? ከስሩ አዲስ መስመር ይጽፋል እንጂ። የኤልም ፕሮግራምም እንደዚሁ ነው። አንዱ ፈንክሽን የአሁኑን ሁኔታና የመጣውን መልእክት ተቀብሎ አዲስ ሁኔታ ይመልሳል። ሌላው ፈንክሽን ሁኔታውን አይቶ መስኮቱ ምን መምሰል እንዳለበት ይናገራል። የመጨረሻው መስመር የቱ እንደሆነ የሚያስታውሰው ኤልም ራሱ ነው፤ እናንተ የምትጽፉት ፈንክሽን ምንም አይደልዝም።

መልእክቱ ምን ይሁን? የተነካው ቁልፍ ይሁን ማለት ያጓጓል። ግን በብዙዎቹ የአማርኛ ኪቦርዶች «ሰ»ን ለመጻፍ መጀመሪያ የኤስን ቁልፍ ትነካላችሁ፣ «ስ» ይወጣል። ከዚያ የኢን ቁልፍ ስትነኩ «ስ» ጠፍቶ «ሰ» ይተካል። ቁልፍ የሚቆጥር ፕሮግራም «ሰላም»ን 5 ፊደል ነው ሊላችሁ ነው! የኤልም ኦን-ኢንፑት ግን የሚልከው ሳጥኑ ውስጥ አሁን ያለውን ጽሑፍ በሙሉ ነው። ፈንክሽናችሁ ያንን ተቀብሎ ይቆጥራል፤ 3። ፊደል ሲሰረዝ ወይም ከሌላ ቦታ ተቀድቶ ሲለጠፍ ሌላ ኮድ መጻፍ አያስፈልጋችሁም፤ እኔ ይህን ዘዴ የምወደውም ለዚህ ነው።

መስኮታችሁ ላይ ስም መፈለጊያ ስትጨምሩ አንድ ነገር ትታዘባላችሁ። «ሐና» ተብላ የተመዘገበችውን ልጅ «ሀና» ብላችሁ ብትፈልጉ አትገኝም፤ ቁጥራቸው ይለያያላ። መፍትሔው «ሐ» እና «ኀ» ሲመጡ «ሀ» የምትመልስ፣ ሌላውን ፊደል ሁሉ እንዳለ የምትተው አንዲት ትንሽ ፈንክሽን ናት። ስትሪንግ-ማፕ በሚባለው አማካይነት በተመዘገበውም በተፈለገውም ስም እያንዳንዱ ፊደል ላይ አሳርፏት፣ ከዚያ አወዳድሩ። «ሠ»ን፣ «ዐ»ን እና «ፀ»ን፣ ከነሰባቱ ቤቶቻቸው፣ እናንተ ጨምሩባት።