«ነገ ይደርሳል» ከማለታችን በፊት፦ የዒድ ሰሞን ሥራና የደንበኛ ቀጠሮ

ረመዳን ሊያልቅ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ወደ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ጎራ ያለ ሰው የሚያየውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጨርቁ ተከምሯል፤ ማሽኖቹ ከጠዋት ጀምሮ አልቆሙም፤ በሩ ላይ ልጇን በእጇ የያዘች እናት ቆማለች። የልጅቱ ቀሚስ ሦስት ጊዜ ተቀጥሮ ሦስቴም «ነገ» ተብሏል። ሰፊው ሰነፍ አይደለም፤ ሌሊቱንም ሲሠራ ነው ያደረው። እናትየው ግን ወደ ቤቷ ይዛ የምትሄደው ድካሙን ሳይሆን በዒድ ዋዜማ ባዶ እጇን መመለሷን ነው።

እንዲህ ሲሆን ሁሌም የሚወቀሰው የሥራ ብዛት ነው። እኛ ግን ችግሩ የሚጀምረው ሥራው ሲበዛ ሳይሆን ቀኑ ሲሰጥ ነው እንላለን።

ቀኑ የውሉ አካል ነው

ደንበኛ ጨርቁንም ስፌቱንም ከሰፊው አድርጎ ልብስ ሲያዝ ዑለሞች ይህን ውል «ኢስቲስናዕ» ይሉታል፤ ገና ያልተሠራን ነገር በታወቀ መግለጫ አሠርቶ መግዛት ማለት ነው። ደንበኛው የራሱን ጨርቅ ካመጣ ግን ሰፊው የሚሸጠው ሙያውንና ጉልበቱን ነውና ጉዳዩ ወደ «ኢጃራ» ይገባል፤ ጨርቁም በእጁ ያለ አማና ነው።

ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ ኢስቲስናዕ ሁለቱንም ወገን የሚያስገድድ ውል መሆኑን ገልጿል። የሚሠራው ነገር ዓይነት፣ መጠንና መግለጫ እንዲታወቅ፣ የማስረከቢያው ጊዜም እንዲወሰን መስፈርት አድርጓል። ስለዚህ የምንሰጠው ቀን ደንበኛን ለመሸኘት የምንጥለው ቃል አይደለም፤ እንደ ጨርቁና እንደ ልኬቱ ሁሉ የውሉ አካል ነው።

«ኢንሻአላህ» የሚለውን ቃልም እዚህ ላይ ማንሳት ግድ ይለናል። በሱረቱል ከህፍ (18፡23-24) «ነገ ይህን እሠራለሁ» ስንል ጉዳዩን ከአላህ ፈቃድ ጋር እንድናያይዝ ታዘናል። ይህ ለመሥራት ቆርጦ ለተነሳ ሰው የተሰጠ አደብ ነው። እንደማይደርስ እያወቅን «ኢንሻአላህ ሐሙስ» ካልን ግን የተከበረውን ቃል የማምለጫ በር አደረግነው። ደንበኞቻችንም ቃሉን ሲሰሙ «አይደርስም ማለት ነው» ብለው መተርጎም ከጀመሩ ጥፋቱ የእኛ ነው።

አቅምን መቁጠር

ቀን ከመስጠት በፊት እጅን መቁጠር ያስፈልጋል። ለምሳሌ ሦስት ማሽን ያለው ቤት በአዘቦት በቀን ስድስት ጀለቢያ ይጨርሳል እንበል። በረመዳን ግን የሥራ ሰዓት ያጥራል፤ ኢፍጧርና ተራዊሕ አለ። ስለዚህ አምስት ብሎ መያዝ ይሻላል። በሃያ የሥራ ቀን 100 ልብስ ይሆናል። ከዚህ ላይ መብራት ለሚጠፋበት፣ ሠራተኛ ለሚታመምበት፣ ተለክቶ ለሚስተካከለው ልብስ አንድ አምስተኛውን እንቀንስ። ለዒድ መቀበል የምንችለው 80 ነው።

81ኛው ደንበኛ ሲመጣ መልሱ «ለዒድ አንደርስም፤ ከዒድ በኋላ ከሆነ እንቀበላለን» ነው። ወይም ሥራ ያልበዛበትን ጎረቤት ሰፊ መጠቆም ነው። ሪዝቁ በአላህ እጅ ነውና ጎረቤት የጠቆመ ሰው አይጎዳም። እንዲያውም ያ ደንበኛ በሚቀጥለው ጊዜ ቀድሞ ወደ እኛ ይመጣል፤ እውነቱን የነገርነው እኛ ነንና።

አንድ ነገር እንጨምር። ረመዳን 29 ቀን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው ማስረከቢያ ረመዳን 30 ሳይሆን 25 ወይም 26 ይሁን። ቀሪዎቹ ቀናት ለተጓተተው ሥራ ማካካሻ ይሆናሉ።

አንድ መዝገብ፣ አንድ ተቀባይ

በብዙ ትንንሽ ድርጅቶች ባለቤቱ በስልክ ትዕዛዝ ይቀበላል፤ ሠራተኛው በሱቅ ይቀበላል፤ ወንድሙ ደግሞ በቴሌግራም። ሦስቱም ለአንድ ሐሙስ ይቀጥራሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ትዕዛዙ በየትም ይምጣ በአንድ መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ ቀን የሚሰጠውም አንድ ሰው ብቻ ይሁን። በእያንዳንዱ ቀን ስር የምንችለውን ያህል መስመር እናስምር። መስመሩ ሲሞላ ያ ቀን ተዘጋ።

መዝገቡ የደንበኛውን ስምና ስልክ፣ ልኬቱን፣ የተረከብነውን ጨርቅ ሜትር፣ ዋጋውን፣ የተከፈለውንና ቀሪውን፣ የማስረከቢያውን ቀን ይያዝ፤ ግልባጩ ለደንበኛው ይሰጥ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ (አል-በቀራ 282) የወረደው ስለ ዕዳና ስለ ውል አጻጻፍ መሆኑን እናስታውስ። መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ መተማመን እንዳይፈርስ መጠበቂያ ነው።

የዘመድና የጎረቤት ሥራም ከዚህ መዝገብ አይውጣ። «ለአንተማ ጣል አደርግልሃለሁ» ተብሎ ሳይጻፍ የገባ ልብስ የሌላውን ተራ ይበላል። ለዘመድ ማድላት ከፈለግን ከዋጋው እንቀንስለት፤ ከሌላ ሰው ቀን ላይ ግን አንስጠው።

የቀብድ ነገር

ቀብድ ስንቀበል ግዴታም እንደተቀበልን አንርሳ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ (ቁጥር 1885) መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በፊቅህ ቀብድ «ዓርቡን» ይባላል። ገዢው ሲተወው ሻጩ ገንዘቡን ማስቀረቱን አብዛኞቹ ፉቀሃዎች አልፈቀዱም፤ ኢማም አሕመድ ፈቅደዋል። ከላይ የጠቀስነው አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1993 የመጠበቂያው ጊዜ የተወሰነ ከሆነ ፈቅዶታል። ስለዚህ ትዕዛዙ ቢሰረዝ ቀብዱ ምን እንደሚሆን ገና ሲከፈል እንነጋገር፤ በግልባጩም ላይ እንጻፈው።

መዘግየት ሲመጣ

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሥራ ሊዘገይ ይችላል። ያን ጊዜ ደንበኛውን የሚያስቆጣው መዘግየቱ ብቻ አይደለም፤ መጥቶ በር ላይ መስማቱ ነው። ከቀጠሮው ሁለት ቀን ቀድመን እንደውል። እውነተኛውን ምክንያት እንንገር፣ አዲስና እርግጠኛ ቀን እንስጥ፣ ካልተስማማውም ጨርቁንና ገንዘቡን እንዲወስድ ምርጫ እንስጠው። ስልክ አለማንሳት ግን አንዱን ጥፋት ሁለት ያደርገዋል።

እኛም በመምህርነት ዘመናችን ይህን ስህተት ሠርተናል። «የፈተናችሁን ውጤት ሰኞ» ብለን ቃል ገብተን፣ የሦስት ክፍል ወረቀት ጠረጴዛችን ላይ እንደተከመረ ሰኞ ደረሰ። ተማሪዎቹ አንድም ቃል አልተናገሩንም። በሚቀጥለው ጊዜ ቀን ስንነግራቸው ግን እርስ በርስ ተያዩ። ያ መተያየት ከማንኛውም ወቀሳ ይከብድ ነበር።

ደንበኛም እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ አይጨቃጨቁም፤ ዝም ብለው ሌላ ሱቅ ይሄዳሉ። በር ላይ የቆመችው እናት ረመዳን ሳይገባ «ለዘንድሮ ዒድ አንደርስም» ብትባል ኖሮ ቅር ይላት ይሆናል፤ ልጇ ግን በዒድ ጠዋት አዲስ ቀሚስ ትለብስ ነበር።