ከእሳት ወርዶ የሚበስል ወጥ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው የአባቶች ተረት እውነትነቱ የታወቀ ነው። ወጥን የሚያጣፍጠው የባለሙያዋ እጅ እንጂ ድስቱ የተጣደበት ድንጋይ አይደለም። ይሁን እንጂ ተረቱ ያልነገረን ነገር አለ። ወጡ እስኪበስል ድረስ የሚነደው እንጨት ስንት ሸክም ነው? ጭሱን የሚምገው የማን ሳንባ ነው? እሳቱ አጠገብ ተቀምጦ ሲቆሰቁስ የሚውለውስ ማን ነው? ለዛሬው የእሑድ ገጻችን የመረጥነው ጉዳይ ይህ ነው፤ በጥቂት እሳትና በብዙ ትዕግሥት ቀላል የቤት ምግብ ስለማብሰል።

ክቡራን አንባብያን ነገሩን ከቅርብ እንዲመለከቱት አንድ አገር እንውሰድ። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ከላላ፥ ወግዲ፥ ቦረናና ለጋምቦ ተጎራብተው ይገኛሉ። ሜዳው በገብስ፥ በስንዴ፥ በጤፍና በባቄላ ይሸፈናል፤ ከሜዳው ዳር ሲደርሱ ደግሞ መሬቱ በድንገት ተቆርጦ ውሃው ሁሉ ወደ ዓባይ ወደሚወርድበት ጥልቅ ሸለቆ ይዘልቃል። የቦረና ወረዳ ከተማ መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ይህ ከፍታ ለነፋሻው አየር መልካም ነው፤ ለማድ ቤት ግን ዕዳ ያመጣል።

ዕዳው እንዲህ ነው። በባሕር ዳርቻ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ በየ300 ሜትሩም የመፍያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በመካነ ሰላም ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳቱን ምንም ያህል ቢያነዱት ክዳኑ ያልታሸገ ድስት ውስጥ ያለው ውሃ ከዚያ አይበልጥም፤ ትርፉ እንፋሎት ብቻ ነው። ባቄላውና ሽምብራው በቆላ ከሚወስደው ጊዜ አብልጦ በደጋ የሚያስጠብቀው ስለዚህ ነው። እናቶቻችን «የደጋ ባቄላ እሳት ይበላል» ቢሉ በሳይንስም ልክ ናቸው።

ታዲያ የሚበላው እሳት ከየት ይመጣል? ከባሕር ዛፍ፥ ከቁጥቋጦ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከኩበት ነው። ከመካነ ሰላም ብዙ የማይርቀው የደንቆሮ ጫካ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ይጠበቃል፤ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው በዚያ አካባቢ ይኖራሉ። በዙሪያው ያለው ገበሬ ማገዶ ካጣ ግን ዓይኑን ወደዚያ መጣሉ አይቀርም። ኩበቱም ቢሆን ነጻ ማገዶ አይደለም። በማሳ ላይ ቢበተን ኖሮ አፈሩን የሚያደልበው ፍግ በምድጃ ውስጥ አመድ ሆኖ ይቀራል። ገበሬው በአንድ እጁ ማዳበሪያ በብድር እየገዛ በሌላው እጁ የራሱን ማዳበሪያ ያቃጥላል ማለት ነው።

የጭሱም ነገር ቀላል አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ በሚፈጠር የአየር ብክለት ምክንያት በመላው ዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም መካከል ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። የብክለቱ ምንጭ በአብዛኛው እንጨት፥ ከሰል፥ ኩበትና ነጭ ጋዝ የሚነድበት ምድጃ ነው።

በሌላው ዓለም ለዚህ ችግር የተገኘ መፍትሔ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራው፥ በተለምዶ «ስሎው ኩከር» የሚባለው ድስት ነው። የፈለሰፈው ኢርቪንግ ናክሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሲሆን የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። ሐሳቡን ያመነጨው ከእናቱ ወሬ ነው ይባላል። እናቱ በልጅነቷ በሊትዌንያ የአይሁድ ቤተሰቦች ዓርብ ማታ የባቄላና የሥጋ ድስታቸውን ወደ ዳቦ ቤት ወስደው፥ በሚበርደው ምድጃ ውስጥ አሳድረው በሰንበት እንደሚበሉት ነግራው ነበር። ድስቱ በዓለም የታወቀው ግን ሪቫል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1971 «ክሮክ ፖት» በሚል ስም ለገበያ ካቀረበው በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ሴቶች ከቤት ውጭ ሥራ ይዘው ነበርና፥ ጧት ተጥዶ ማታ የሚደርስ ወጥ ትልቅ እረፍት ሆኖ ተገኘ።

ይህ ድስት ብዙ መብራት አይበላም። መካከለኛው ዓይነት 200 ዋት ገደማ ይስባል፤ 8 ሰዓት ቢሠራ 1.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢያወጣ ነው። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ግን 3,500 ዋት ያህል ስለሚስብ ይህንኑ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል። በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፥ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ ህዳሴ ግድብ የሚጠቀምበት ዓባይ ከእነዚህ ደጋዎች ሥር የሚያልፈው ዓባይ ነው። መብራቱ ግን በየገጠር ቤቱ ገብቶ አላለቀም። ስለዚህ መብራት ላለው ስሎው ኩከር መልካም ነው ብለን፥ ለሌለው ደግሞ ሁለተኛውን መፍትሔ እናቅርብ።

ሁለተኛው መፍትሔ የጭድ ሳጥን ነው። አሠራሩ ከሣር ከተሠራ ጎጆ አይበልጥም። በጥቂት እሳት የፈላ ድስት ከእሳት ወርዶ በጭድ ውስጥ ይቀበራል፤ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ምግቡ በራሱ ሙቀት ይበስላል። የኖርዌይ ሰዎች ይህን የመሰለ ማብሰያ እ.ኤ.አ. በ1867 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አሳይተዋል፤ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜም ማገዶ የጠፋባቸው የአውሮፓ ቤተሰቦች በሰፊው ተጠቅመውበታል። ለእኛም ቢሆን ፍጹም እንግዳ አይደለም። እንጀራ በሞሰብ፥ ቡና ጀበና በጨርቅ ሙቀቱን እንዲይዝ የምንሸፍን ሕዝብ ነን። ጎድሎብን የቆየው ድስቱንም እንዲሁ ማድረግ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። አንድ ትልቅ ቅርጫት ወይም የእንጨት ሳጥን ይዘጋጅ። ከታች አንድ ስንዝር የሚሆን ደረቅ የገብስ ወይም የጤፍ ጭድ ይነጠፍ። ድስቱ በመካከል ሲቀመጥ በዙሪያው ከ10 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ጭድ ተጠቅጥቆ ይሞላ። ከላይ ለመሸፈኛ የሚሆን፥ ጭድ የተሞላ የጆንያ ትራስ ይሰፋ። ድስቱ እስከ ሁለት ሦስተኛው መሞላት አለበት፤ ሙላቱ የጎደለ ድስት ቶሎ ይቀዘቅዛልና። ክዳኑም ገጥሞ የሚዘጋ ይሁን። በደጋ ውሃው የሚፈላው ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሆነ የጭዱን ውፍረት መጨመር እንጂ መቀነስ አይገባም።

አሁን ወደ ምግቡ እንለፍ። መጀመሪያ ንፍሮ ነው። ባቄላና ስንዴ ማታ በብዙ ውሃ ተዘፍዝፎ ይደር። ጧት ውሃው ተደፍቶ በአዲስ ውሃ ይጣድ፤ ከፈላ በኋላ ግማሽ ሰዓት በእሳት ላይ ይቆይና እንደፈላ ወደ ጭዱ ይግባ። ከ4 እስከ 5 ሰዓት ድረስ አይከፈት። ሲወጣ እንደገና አንድ ጊዜ ፈልቶ፥ ጨው ተነስንሶበት ይቀርባል። በምድጃ ላይ ብቻ ቢቀቀል ሁለት ሰዓት የሚወስድ ከሆነ የአንድ ሰዓት ተኩል ማገዶ ተረፈ ማለት ነው።

ሁለተኛው የምስር ወጥ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል፤ ስሎው ኩከርም ሆነ የጭድ ሳጥን ቁሌት አያቁላላም። ሽንኩርቱና በርበሬው በእሳት ላይ እንደ ወጉ ይቁላላ፤ ከዚያ በኋላ ምስሩና የፈላ ውሃው ተጨምሮ 10 ደቂቃ ሲንተከተክ ወደ ጭዱ ይግባ። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። እንፋሎቱ ስለማይወጣ ውሃው ከወትሮው ይቀነስ፤ አለበለዚያ ወጡ ይቀጥናል። ቲማቲም የሚወድ ሰው ምስሩ ከበሰለ በኋላ ይጨምር፤ ጎምዛዛ ነገር እህልን ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርገዋልና።

ሦስተኛው የአጃ ሾርባ ነው። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ የማይጠፋ ምግብ ሲሆን፥ ከቀትር በኋላ ፈልቶ ወደ ጭዱ ቢገባ ጀንበር ስትጠልቅ ትኩስ ሆኖ ይጠብቃል፤ በጾም ደክማ የዋለችው እናትም ምድጃ ሥር አትቆምም። እንዲሁም የፍልሰታንና የሁዳዴን ጾም የሚጾም ቤተሰብ ከቅዳሴ ሲመለስ የሚበላውን ሽምብራ ጧት ከቤት ሳይወጣ ሊቀብር ይችላል። በከላላ ሁለቱም ጾም በአንድ መንደር ይጾማልና ሳጥኑ ለሁለቱም ያገለግላል።

ይሁንና ቀስ ያለ ማብሰያ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛ፥ የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ በታች ሆኖ ብዙ ሰዓት ከቆየ ጀርም ይራባበታል። ስለዚህ ሥጋም ሆነ እህል በጭድ ውስጥ ማሳደር አይገባም፤ ከመቅረቡም በፊት እንደገና ይፍላ። ስሎው ኩከር የጣዱ ሰዎች ከቤት በሌሉበት መብራት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ከሆነ ምግቡን መድፋት ይሻላል። ሁለተኛ፥ ቀይ አደንጓሬ ጥሬውን በቀጥታ ስሎው ኩከር ውስጥ ፈጽሞ አይጨመር። በውስጡ ያለው ተፈጥሯዊ መርዝ የሚጠፋው በኃይለኛ ፍላት ነው፤ ለዘብ ያለ ሙቀት አያጠፋውም። አድሮ የተዘፈዘፈው ውሃ ተደፍቶ በአዲስ ውሃ ግማሽ ሰዓት በደንብ ይፍላ፤ ከዚያ በኋላ ወደፈለጉበት ይግባ። ሦስተኛ፥ ጓያ በክፉ ዘመን ሕዝባችንን ያኖረ እህል ቢሆንም፥ ለብዙ ወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ሽባ እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። መዘፍዘፍና የተዘፈዘፈበትን ውሃ መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። ስለዚህ የትኛውም ማብሰያ ቢገኝ ጓያን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ፥ አልፎ አልፎ መብላት ይመረጣል።

«ትቶት የሚሄዱት ወጥ ምን ወጥ ይሆናል? ባልትና ማለት እሳቱ ሥር መቀመጥ ነው» የሚሉ አይጠፉም። በበኩላችን አክብሮታችን ሳይጓደል አንስማማም። ጌሾው ተጠንስሶ ይተዋል፤ ሊጡ ቦክቶ ይተዋል፤ ድፎው እሳት ከላይ ከታች ተደርጎለት ይተዋል። ባለሙያ ሴት የምትለየው መቼ እንደምትነካና መቼ እንደምትተው በማወቋ ነው። ለድስቱ ጊዜ የሰጠች ሴት ከባልትናዋ አንዲት ጭልፋ አይጎድልባትም።

ደግሞስ ያቺ የተረፈች ሰዓት ተኩል የማን ናት? በብዙ ቤት እሳት የምትቆሰቁሰው ከትምህርት ቤት የተመለሰችው ልጅ ናት። ወንድሟ ደብተሩን ሲገልጥ እርስዋ አመድ ትገልጣለች፤ በኋላም የፈተናው ውጤት ሲወጣ «ሴት ልጅ ሰነፍ ናት» ይባላል። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ብዙ ያልቆየን እንደመሆናችን፥ በየክፍሉ ከእኛ ጋር ጀምረው መንገድ ላይ የቀሩት እኅቶቻችን ስንት እንደነበሩ እናስታውሳለን። ሁሉም የቀሩት በማገዶ ምክንያት ነው አንልም። ነገር ግን በቀን አንድ ሰዓት ተኩል በሳምንት አሥር ሰዓት ተኩል ነው፤ ይህን ያህል ጥናት ለማንኛውም ተማሪ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወንዶችም ከዚህ ነገር ራሳቸውን ነጻ አድርገው አይቀመጡ። በመካነ ሰላም ካለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተመርቆ በአንዲት የኪራይ ክፍል የሚኖር ወጣት መምህር ወይም የግብርና ባለሙያ ደመወዙን በሆቴል ምሳ ከሚጨርስ አንድ ካርቶንና አሮጌ ብርድ ልብስ ይበቃዋል። ጧት ምስሩን አፍልቶ፥ ጠቅልሎ ወደ ሥራው ይሂድ፤ እኩለ ቀን ሲመለስ ምሳው ትኩስ ሆኖ ያገኘዋል። ይህን ለማድረግ ወንድነቱ አይከለክለውም፤ ሚስት እስኪያገባ መጠበቅም አያስፈልገውም።

በአገራችን ላቀች የከሰል ምድጃና ምርጥ የእንጀራ ምድጃ ማገዶ በመቆጠብ የታወቁ ናቸው፤ ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያህል ሊቀንስ ይችላል። የጭድ ሳጥኑ የእነዚህ ወንድም እንጂ ተቀናቃኝ አይደለም፤ እነርሱ ያፈሉትን እርሱ ይጨርሳል። የሚጠይቀውም ሲሚንቶ ወይም ሽቦ ሳይሆን በየአውድማው ዳር የተከመረውን ጭድ ነው። የግብርና የልማት ሠራተኞችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ አንድ ቅርጫት ሠርተው ቢያሳዩ ትምህርቱ በአንድ ምሳ ጊዜ ያልቃል።

እንግዲህ ተረቱን አንሽረውም፤ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥ ይሆናል። ድስቱ ከጉልቻው ቶሎ ቢወርድ ግን ኩበቱ ለማሳ፥ ዛፉ ለጫካ፥ ልጅቱም ለደብተርዋ ትተርፋለች።