ሥራና ዲግሪ ጎን ለጎን፦ በባንክ የቴክኖሎጂ ክፍል የአራት ዓመት ተለማማጅነት

ሸማኔ ሙያውን ለልጁ የሚያወርሰው ከጎኑ አስቀምጦ ነው። ልጁ መጀመሪያ ማግ ያጠነጥናል፤ ቀጥሎ ድር ማድራት ይለማመዳል፤ መወርወሪያውን የሚጨብጠው ግን አባቱ እጁን ካመነው በኋላ ነው። የሕክምና ተማሪም መጽሐፉን ይዞ ወደ ሕሙማን አልጋ ካልቀረበ ሐኪም አይባልም። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ የሚጽፈውን ፕሮግራም ግን ዲግሪውን እስኪይዝ ድረስ በአብዛኛው የሚያነበው መምህሩ ብቻ ነው። ቢሳሳት ነጥብ ይቀነስበታል እንጂ በእርሱ ስሕተት ደመወዙ የሚዘገይበት ሰው የለም። ታዲያ ትምህርቱንና ሥራውን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ አጣምሮ ማስኬድ ቢቻል ምን ይገኛል? ምንስ ይታጣል?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአዲስ አበባ ከተማረ በኋላ ከወላጆቹ ጋር ወደ ለንደን የሄደ ሲሆን፣ ከ2018 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. በአንድ ትልቅ ባንክ የቴክኖሎጂ ክፍል ተለማማጅ ሆኖ እየሠራ ዲግሪውን አግኝቷል። የሚከተለው ሐተታ ከዚያ ተሞክሮ የተቀዳ ነው።

ሥርዓቱ ምንድን ነው?

በእንግሊዝ «የዲግሪ ተለማማጅነት» የሚባለው ሥርዓት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሆን፣ ከቀዳሚዎቹ ዘርፎች አንዱ የዲጂታል ቴክኖሎጂ ነበር። ሥርዓቱ ሦስት ወገኖችን ያስተሳስራል። ተለማማጁ በአሠሪው ድርጅት ተቀጥሮ ደመወዝ ያገኛል። ዩኒቨርሲቲው ያስተምራል፣ ይፈትናል፣ ዲግሪውንም ይሰጣል። አሠሪው ደግሞ ለተማሪው የሥራ ቦታ፣ ተቆጣጣሪና የማጥኛ ጊዜ የመስጠት ግዴታ አለበት። ተለማማጁ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2017 ጀምሮ ዓመታዊ የደመወዝ ወጪያቸው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ የብሪታንያ አሠሪዎች ከዚያ በላይ ባለው ወጪ ላይ 0.5 በመቶ ለተለማማጆች ሥልጠና እንዲከፍሉ ተደነገገ። ብዙ ሺህ ሠራተኛ ያለው ባንክ በዚህ ስሌት የሚያወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ከፍሎ ከመቅረት ይልቅ በገንዘቡ የራሱን ባለሙያ ማሠልጠን ይበጀዋል። በሌላ በኩል በ2018 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ መደበኛ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ የአገሩ ተማሪ በዓመት እስከ 9,250 ፓውንድ ይከፍል ስለነበር፣ በሦስት ዓመት 27,750 ፓውንድ ይደርስበት ነበር። አብዛኛው ተማሪ ይህን የሚሸፍነው በብድር ነው። ብድር ሳይሸከሙ መመረቅ ከስደተኛ ቤተሰብ ለተገኘ ወጣት ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይገምተዋል።

ሆኖም ወላጆቼ በመጀመሪያ ደስተኞች አልነበሩም። «ተለማማጅ» የሚለው ቃል ለአባቴ ጋራዥን እንጂ ዩኒቨርሲቲን አላስታወሰውም። «ልጄ፣ አገር ለቀን የመጣነው እኮ ዩኒቨርሲቲ እንድትገባ ነው» አለኝ። እናቴ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ለሚጠይቋት ሁሉ «ባንክ ገብቷል» ስትል፣ ሰሚዎቹ ከመስኮት ኋላ ተቀምጬ ገንዘብ የምቆጥር ይመስላቸው ነበር። ጥርጣሬያቸው መሠረተ ቢስ አልነበረም። በብዙ አገር የተግባር ሥልጠና ለትምህርት ላልበረታ ተማሪ የተተወ ሁለተኛ በር ተደርጎ ይታያል። እኔ ያለፍሁበት በር ግን ጠባብ ነበር። የመሰናዶ ውጤት፣ በኮምፒዩተር የሚሰጥ የአመዛዘን ፈተና፣ የቡድን ሥራና ቃለ መጠይቅ ተራ በተራ ማለፍ ያስፈልግ ነበር።

ሳምንቱ እንዴት ይከፈላል?

በእኔ ጊዜ የነበረው ደንብ ከሥራው ሰዓት ቢያንስ 20 በመቶው ለትምህርት እንዲውል ያዝዝ ነበር። ይህም ከአምስቱ የሥራ ቀናት አንዱ ማለት ነው። አራት ቀን በባንኩ፣ አንድ ቀን በዩኒቨርሲቲው ትምህርት ላይ አሳልፍ ነበር። በወረቀት ላይ ሚዛናዊ ቢመስልም አንድ ቀን ለዲግሪ እንደማይበቃ ግልጽ ነው። የቀረው ከምሽቱና ከቅዳሜው ይሞላል።

በባንኩ የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራዬ አዲስ ፕሮግራም መጻፍ አልነበረም። ሌሎች የጻፉትን ማንበብ ነበር። ከምናነበው መካከል ከእኔ ዕድሜ በእጅጉ የሚበልጥ ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ1959 የተጠነሰሰውና ግሬስ ሆፐር ቀደም ሲል በሠሩት ቋንቋ ላይ በእጅጉ የተመሠረተው ኮቦል የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ዛሬም በብዙ ትልልቅ ባንኮች ውስጥ ሒሳብ ያሰላል። ወጣት ባለሙያ ይህን ሲያይ በኋላ ቀርነት ሊቈጥረው ይችላል። ነገር ግን ለዐሥርት ዓመታት በየሌሊቱ በትክክል የሠራ ፕሮግራም በራሱ የተፈተነ ሀብት ነው። መቀየሩም አውሮፕላን በአየር ላይ እያለ ሞተሩን እንደመለወጥ ያስፈራል።

ሁለተኛው ትምህርት የሥልጣን ክፍፍል ነው። ኮድ የጻፈ ሰው የራሱን ሥራ ራሱ አያጸድቅም፤ ሌላ ባለሙያ መስመር በመስመር ይመረምረዋል። ከዚያም ከደንበኞች ገንዘብ በተለየ የመሞከሪያ ሥርዓት ላይ ይፈተናል። ወደ እውነተኛው ሥርዓት የሚገባውም በተወሰነ ሰዓት፣ ችግር ቢፈጠር ወደ ቀድሞው መመለሻ መንገድ ተዘጋጅቶለት ነው። በቅርንጫፍ ባንክ አንዱ ሠራተኛ የመዘገበውን ትልቅ ክፍያ ሌላው እንደሚያጸድቀው ሁሉ፣ በሶፍትዌርም ሕጉ ያው ነው።

ክፍሉና ሥራው ሲገናኙ

የዚህ ትምህርት ዋና ጥቅም ማክሰኞ በክፍል የሰሙትን ረቡዕ በሥራ ላይ ማግኘት ነው። ሁለት ምሳሌዎች እንመልከት።

የመጀመሪያው ቁጥርን ይመለከታል። አንባቢ በጃቫ ወይም በፓይተን ቋንቋ 0.1 እና 0.2ን በተለመደው የነጥብ ቁጥር ዓይነት ቢደምር የሚያገኘው መልስ 0.3 አይሆንም፤ 0.30000000000000004 ነው። ምክንያቱ ኮምፒዩተር ቁጥርን በሁለት መሠረት ስለሚይዝ ነው። አንድ ሦስተኛ በዐሥር መሠረት ሲጻፍ 0.333 እያለ ማለቂያ እንደማይኖረው፣ አንድ ዐሥረኛም በሁለት መሠረት ሲጻፍ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ በሚችለው ያህል ቦታ ይዞ ቀሪውን ያጠጋጋዋል። በፊዚክስ ስሌት ይህ ጉድለት ብዙ ጊዜ ከመለኪያው ስሕተት ያነሰ ነው። በሚሊዮን በሚቈጠሩ ሒሳቦች ላይ በየዕለቱ ወለድ ለሚያሰላ ባንክ ግን የጎደለው ሳንቲም የት እንደገባ መልስ የሚያሻው ጥያቄ ነው። በመሆኑም ባንኮች ገንዘብን በሳንቲም ቈጥረው በሙሉ ቁጥር ወይም በዐሥር መሠረት በሚሠራ የቁጥር ዓይነት ይይዛሉ። ኮቦል ለረጅም ዘመን ከተወደደባቸው ምክንያቶች አንዱ የዐሥር መሠረት ስሌትን ከጥንት ጀምሮ በውስጡ መያዙ ነው።

ሁለተኛው ዝውውርን ይመለከታል። ከአንድ ሒሳብ 100 ፓውንድ ወደ ሌላው ሲላክ ሥራው ሁለት ነው፤ ከአንዱ መቀነስና በሌላው ላይ መጨመር። ከመጀመሪያው በኋላ፣ ከሁለተኛው በፊት መብራት ቢጠፋ ገንዘቡ የት ይገባል? መፍትሔው ሁለቱን ድርጊቶች እንደማይከፈል አንድ ነገር መቍጠር ነው፤ ወይ ሁለቱም ይፈጸማሉ፣ ወይ አንዳቸውም አይፈጸሙም። ይህን ለማረጋገጥ የመረጃ ቋቱ ለውጡን ከማድረጉ አስቀድሞ ሐሳቡን በማይጠፋ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ሥርዓቱ ወድቆ ሲነሣ መዝገቡን አንብቦ ያልተጠናቀቀውን ይሽራል፣ የተጠናቀቀውን ያጸናል። በዚህ መስክ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አንሥቶ መሠረታዊ ሥራ ያበረከቱት ጂም ግሬይ በ1998 የቱሪንግ ሽልማትን ተቀብለዋል። በክፍል ውስጥ ይህ አንድ ምዕራፍ ነው፤ በባንክ ግን ጠቅላላው ሕንፃ የቆመበት ምሰሶ ነው።

በመጨረሻው ዓመት የሚጠየቀው የማጠቃለያ ፕሮጀክትም ከሥራው ይወጣል። የእኔ ርእስ ተደጋጋሚ ትእዛዝ ነበር። ደንበኛ በስልኩ ገንዘብ ሲልክ ኔትወርኩ ቢዘገይ «ላክ» የሚለውን ደግሞ ይጫናል። ባንኩ ሁለት ጊዜ እንዳይከፍል እያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያው ቁጥር ተመልሶ ሲመጣ ሥርዓቱ ክፍያውን ሳይደግም የቀድሞውን መልስ ብቻ ይልካል። አሳቡ ቀላል ነው። ሁለቱ ትእዛዞች በአንዲት ቅጽበት ወደ ሁለት የተለያዩ ኮምፒዩተሮች ሲደርሱ ግን ጥያቄው ከባድ የሳይንስ ጥያቄ ይሆናል።

ሥርዓት ሲወድቅ

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ ለሚል፣ የቅርብ ዘመን ታሪክ መልስ አለው። በሰኔ 2012 እ.ኤ.አ. በሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ቡድን የሌሊት ሥራዎችን ወረፋ የሚያስይዝ ሶፍትዌር ሲሻሻል በተፈጠረ ችግር ከ6 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ተስተጓጉለዋል። ተቆጣጣሪ ባለ ሥልጣናትም በ2014 ቡድኑን 56 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጥተውታል። በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቲ.ኤስ.ቢ. የተባለው ባንክ የ5.2 ሚሊዮን ደንበኞቹን ሒሳብ ወደ አዲስ ሥርዓት ሲያዛውር ብዙዎች የገዛ ገንዘባቸውን ማየት ተሳናቸው። ባንኩ በ2022 የ48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ተወስኖበታል። እኛ ትምህርት የጀመርነው ከዚያ አደጋ ጥቂት ወራት በኋላ ስለነበር፣ ነገሩ በክፍላችን ደጋግሞ ይነሣ ነበር።

የአገራችን ተማሪዎችም ሩቅ መሄድ አያሻቸውም። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለ አግባብ መወሰዱን፣ መንስኤውም የመረጃ ጠላፊዎች ጥቃት አለመሆኑን ባንኩ አስታውቋል። ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ እስከመለጠፍ ደርሰዋል። በየዶርሙ የተወራው ስለ ገንዘቡ ነበር። ለሳይንስ ተማሪ ግን ይበልጥ የሚያጓጓው ጥያቄ «ቀሪ ሒሳብን የሚያመሳክረው ፍተሻ በየትኛው በር ታለፈ? ከመለቀቁ በፊትስ በምን ዓይነት ሙከራ ሊያዝ ይችል ነበር?» የሚለው መሆን ይገባዋል።

የሚከፈለው ዋጋ

ይህ መንገድ ለሁሉም ይስማማል ማለት አይቻልም። ጓደኞቼ በካምፓስ ሲወያዩ፣ ክበብ ሲያቋቁሙ፣ በክረምት ሲያርፉ እኔ የዓመት ፈቃድ እቈጥር ነበር። የንድፈ አሳብ ትምህርቱም ይጠባል። መደበኛው ተማሪ በረጅሙ የሚያጠናቸው የሒሳብና የስሌት ንድፈ አሳብ ርእሶች ለእኛ በአጭሩ ታልፈዋል። በአንድ ድርጅት መሣሪያዎች ብቻ የሠለጠነ ሰው ዓለም ሁሉ በዚያ ልክ የተሰፋ ሊመስለው ይችላል። በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. በወረርሽኙ ምክንያት ሁላችንም ወደየቤታችን ስንገባ ደግሞ ሌላ ጉድለት ታየ። ከጎን ተቀምጦ በማየት የሚገኘው ትምህርት በመስኮተ ኮምፒዩተር በኩል ሲመጣ ግማሹ በመንገድ ይቀራል። ለካ ሸማኔው ልጁን ከጎኑ ማስቀመጡ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ለአገራችን ተማሪ ምን ይጠቅማል?

ሥርዓቱን እንዳለ ገልብጦ ማምጣት አይቻልም፤ የቆመው በራሱ ሕግና በአሠሪዎቹ አቅም ላይ ነውና። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የምህንድስናና የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ለልምምድ ወደ ድርጅቶች የሚወጡበት ጊዜ ግን አለ። ይህን ጊዜ ፊርማና ማኅተም ለመሰብሰብ ማዋል ትልቅ ብክነት ነው። ወደ ባንክም ሆነ ወደ ሌላ ድርጅት የሚወጣ ተማሪ ሦስት ነገሮችን ቢይዝ ይጠቀማል። አንደኛ፣ ከመጻፉ በፊት የተጻፈውን ያንብብ። ሁለተኛ፣ ስለ እያንዳንዱ ሥርዓት «በመካከል መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ በሥራ ያየውን ይዞ ወደ መምህሩ ይመለስ፤ ክፍልና ሥራ የሚዋሐዱት በዚያ ጥያቄ ነው። ድርጅቶችም ተማሪውን ሻይ ከማስመጣትና ወረቀት ከማስባዛት አልፈው፣ በተቆጣጣሪ ሥር እውነተኛ ሥራ ሊሰጡት ይገባል።

አባቴ ዲግሪዬን ካየ በኋላ «ለመሆኑ ተማሪ ነበርህ ወይስ ሠራተኛ?» ብሎ ጠይቆኛል። ትክክለኛው መልስ «ሁለቱንም» ነው። የዚህ ትምህርት ብርታትም ድካምም ከዚህች ቃል ይመነጫል። ንድፈ አሳብ ያለ ተግባር ኃላፊነትን አያስተምርም፤ ተግባርም ያለ ንድፈ አሳብ ትናንት የሠራውን ከመድገም አያልፍም። ሁለቱ ተገናኝተው ሲያድጉ ግን፣ በሌሊት ደመወዙ እስኪገባ የሚጠብቅ አንድ የማያውቁት ሰው መኖሩን ሳይረሳ ኮድ የሚጽፍ ባለሙያ ይወጣል።